በሮቢት ወንዝ ዳር ያየነው አውሬ

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል

ከደብረ ብርሃን በወታደር ካሚዮን ተነሳን። አብሮኝ ያለው ጣሊያን የዱር አራዊት አጥኚ ነው፤ እኔ አስተርጓሚው። ጉልበቱ ላይ ሥዕል ዘርግቷል፦ ዓይኑ ዙሪያ የጠቆረ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት፣ እጁ የሰው እጅ የሚመስል አውሬ። የአውሬው አገር አሜሪካ ነው ይላል። ታዲያ ሸዋ ምን እንሠራለን? አንድ መቶ አለቃ ይህንኑ አውሬ ሮቢት ወንዝ ዳር አይቻለሁ ብሎ ጽፎለት ነው። ገባኝ አልልም።

ቀትር

ጣርማ በርን ወርደን ደብረ ሲና ላይ ካፖርቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዜም ከበደኝ። ግራር፣ አቧራ፣ ጨው የጫኑ ግመሎች፣ ዓይን እስኪደክም ማሽላ።

ያረፍነው ሼህ እንድሪስ ከሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ነው። የወንዙን ዳር ደን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም አሉን የመንደሩ ሰዎች። የማሽላ ቂጣና የፍየል ወተት አቀረቡልን።

ጣሊያኑ፣ አውሬው ከተገኘ ደኑ ተከልሎ እንደሚጠበቅ፣ አጠገቡ የሚያርሱትም እንደሚነሱ አስረዳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎታል። ሼሁ ሥዕሉን ተቀበሉ። ፊቱን አይተው ጥርኝ ነው አሉ። ጅራቱን አይተው ሸለምጥማጥ ነው አሉ። እጁን ሲያዩ ሥዕሉን መለሱለት።

ጀንበር ስትጠልቅ

ሦስታችን ሸንበቆ ውስጥ አድፍጠናል። አንድ ጥቁር ነገር ወጥቶ ውሃው ዳር ቁጢጥ አለ። ወደ ውሃው ሳያይ፣ ዓይኑን ሌላ ቦታ ተክሎ፣ በሁለት እጁ ከድንጋይ ሥር ዳበሰና ሸርጣን አወጣ። ጅራቱ ቀለበት ይኑረው አይኑረው አልታየኝም።

«እዚሁ ተወልጄ ሸበትሁ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አሉ ሼሁ በሹክሹክታ።

«ሽማግሌው ምን አለ?» አለኝ ጣሊያኑ።

ከጀርባችን፣ ከደኑ ጥግ፣ የሼሁ ማሽላ እሸት ይዟል።

«ጥርኝ ነው፣ በየጢሻው ሞልቷል ይላሉ» አልሁት።

በድንግዝግዙ ለእሱም ጅራቱ አልታየው ይሆናል፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሃውን አየ። ከዚያ ሥዕሉን አጠፈ።

ረቡዕ፣ ጧት

ካሚዮኑ ሊነሳ ሲል ሼሁ መጥተው ምን እንዳልሁት ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። አላህ ይስጥህ ብለው መረቁኝ፤ እጄን ግን አልለቀቁም።

«ምን ነበር ግን፣ ልጄ?»

«እንጃ፣ ሼህ።»

እሳቸውም ግራ እንደተጋቡ ቀሩ። ዳገቱን ወጣን። እኔም ለገበሬዎቹ ስል ስዋሽ፣ ያንን ሸርጣን ለቃሚ አዳንሁት ወይስ ጠባቂ አሳጣሁት፣ እቤቴ ደጃፍ እስክደርስ አልለየልኝም።