አንድ ባልዲ ሚጡ

የአገሩ ልጆች ቀለሜ ይሉታል። በትምህርት የገፋ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከደብተር ጋር የተኳረፈው ገና በልጅነቱ ነው። ቀለሜ ያስባለው ሥራው ነው፤ አንድ ትልቅ የቀለም መሸጫ ውስጥ ቀለም ቀማሚ ነው። ደንበኛ የተሰበረ ሸክላ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ አንዳንዱማ የውሻውን ማሰሪያ ይዞ ይመጣና «ልክ ይህንን የመሰለ» ይለዋል። ቀለሜ መዳፍ የምታህል ማንበቢያ መሣሪያ ያስጠጋበታል። መሣሪያዋም የቀለሙን ስምና ከየትኛው ስንት ጠብታ እንደሚገባ ትነግረዋለች። ከዚያ ባልዲው በማሽን ይናጣል፤ ቀለሜም ክዳኑ ላይ በጣቱ ቀባ አድርጎ እስኪደርቅ ይጠብቃል። እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው። በዚህ ሥራ ማንም አይደርስበትም። እሱም ይህን ያውቃል፤ የማያውቅ ካለም ይነግረዋል።

ይህ ኩሩ ሰው ታዲያ የሰባት ዓመት ልጁን ይፈራል። ሚጡ የተወለደችው እናትና አባቷ ተሰደው በመጡበት በዚሁ አገር ነው፤ በክፍሏ ውስጥ እሷን የመሰለ ሌላ ልጅ የለም። አንድ ቀን «አባዬ፣ እኛ ለምን ከሌላው ሰው ተለየን?» ብላ እንዳትጠይቀው ሲሰጋ ከረመ። ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ደክሟት ገብታ እንኳ ትነዘንዘዋለች።

«ሳትጠይቅህ ቀድመህ አውራት። እኔማ ጀምሬላት ነበር፤ 'አባዬስ ምን ይላል?' አለችኝ።»

ቀለሜ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አባዬ የሚለው ነገር ቢኖረው ኖሮ መች ዝም ይል ነበር!

የፈራው አልቀረም። ሰኞ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሚጡ ፊቱ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ የኔ ቀለም ምንድን ነው?»

አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም።

«አርብ የክፍል ፎቶ እንነሳለን። ልክ እኔን የመሰለ ቀለም ካልሠራህልኝ አልነሳም። ትምህርት ቤትም ሁለተኛ አልሄድም። ደግሞ ብዙ ነው የምፈልገው።»

ቀለሜ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ለካስ ጥያቄ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው! ትእዛዝ ደግሞ እንጀራው ነው። «ይሄማ ምን ችግር አለው የኔ እመቤት!» አለና ጫማውን ወረወረው። ሚስቱ ከወጥ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ቀለም አይደለም የጠየቀችህ» አለች። ማን ሰምቷት!

ማክሰኞ መሣሪያዋን ከሱቅ አስፈቅዶ ወደ ቤት አመጣት። ሚጡን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ጉንጯ ላይ ቢያስጠጋት «የመኸር አጥር» አለች። ክርኗን ሲያስነብባት «ጋራዥ» ሆነች። መዳፏን ሲያስነብባት ደግሞ «የሕፃናት ክፍል» ወጣ። እናትየዋ ሳቋን ይዛ ግንባሯን ብትሰጥ «የሻይ ሰዓት» ተባለች። የቀለሜ ተራ ሲደርስ መሣሪያዋ ዝም አለች፤ ብልጭ ድርግም ስትል ቆየችና «ለውጭ በር ብቻ» የሚል አወጣች።

«ተበላሽታለች» አለ ቀለሜ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ምን ተበላሸች፣ ገና አሁን ሠራች እንጂ!» አለች ሚስቱ ሆዷን ይዛ። «የሻይ ሰዓትና የውጭ በር ተጋብተን ይህን ሁሉ ዓመት መኖራችን!»

በዚህ መሃል ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ ጡረታ የወጡት ሴት የአውቶቡስ ሾፌር መሰላል ሊመልሱ ገቡ። እነ ቀለሜ የተሰደዱበት አገር ተወላጅ ናቸው፤ ነገሩ ሲገባቸው ጉንጫቸውን አቀረቡ። መሣሪያዋም ያለ ይሉኝታ «እርጥበት የመታው ጣሪያ» አለቻቸው።

«ዕድሜ ልኬን ነጭ ነሽ ስባል ኖሬ!» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንደገና ሞክራት። በግራ በኩል።»

በግራ በኩል «የድሮ ፖስታ» ሆኑ። እሱን በጸጋ ተቀበሉትና ለሕንፃው ሁሉ አወሩ። ረቡዕ የቀለሜ ሳሎን የክሊኒክ ወረፋ መሰለ። ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ከመንታ ወንድሙ ጋር መጣ፤ መንትዮቹ የተለያየ ቀለም ወጣላቸውና ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ የተጠራቀመ ቂም እዚያው ተዘረገፈ። አንዷ ባሏን ይዛ መጥታ የሱን ውጤት ስታይ ወደ ሌላ ፎቅ እንዛወር አለች፣ ምን እንዳገናኘው ግን እስካሁን ግልጽ አይደለም። ሚጡ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የኔስ መቼ ነው?»

ሐሙስ ቀለሜ የጉንጯን ቀለም መርጦ ሱቅ ውስጥ መቀመም ጀመረ። እጁ እንደለመደው ጠብታ ከሚጨመርበት ከነጩ መነሻ ቀለም ተነሣ። ቡኒ ጠብ አደረገ፣ ቀይ ጨመረ፣ ጥቁር ጨመረ፤ ምን ቢያደርገው የታመመ ሰው ድድ መሰለ። ሚጡ ከነጭ አትወጣም። ባልዲውን ትቶ ምንም ቀለም የሌለበትን፣ ውሃ የመሰለውን መነሻ ከፈተ። ያኔ ሠመረለት። ትንሽ ካርቶን ቀብቶ አደረቀና ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጉንጯ ላይ ለጠፈው። የካርቶኑ ጠርዝ ጠፋ። ቀለሜ እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ብቻውን ሳቀ።

«ግድግዳ ይበቃል?» አለች ሚጡ ባልዲውን እያየች።

«ግድግዳ ከነኮርኒሱ!»

ቤት እንደገቡ እንሞክረው አለችው። ቤቱ የኪራይ መሆኑን እንኳ ረስቶ የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እዳር ቀባው። ሚጡ በበኩሏ ሁለት አሮጌ የትራስ ልብሶች በዚያው ቀለም ነክራ ማሞቂያው ላይ አሰጣች። ሁሉም ሲደርቅ አንዱን እስከ አንገቷ አጠለቀች፣ በአንዱ ፀጉሯን ሸፈነች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«አባዬ፣ እታያለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ቀለሜ በደስታ እያጨበጨበ። «ድራሽሽ ጠፍቷል!»

«እሺ። በቃ ነገ ጠዋት ባልዲውን ይዘን እንሂድና ፎቶ የምንነሳበትን ግድግዳ ትቀባልኛለህ።»

የቀለሜ እጆች ሳይጋጠሙ አየር ላይ ቀሩ።

«ለምን?»

«ያለፈው ዓመት ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ጣቱን ይቀስርና 'አገኘኋት!' ይላል። አንተም ትላለህ። እኔ መገኘት ሰልችቶኛል።»

ሚስቱ ስትለው የከረመችው ይህ ነበር፤ እሱ ግን ለልጁ መደበቂያ ሲቀምም ሰነበተ። ያውም በጥራት! ሲጨንቀው እሱም ሄዶ አጠገቧ ግድግዳውን ተደገፈ። ሚጡ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ አንተ ትታያለህ።»

«አዎ፣ እታያለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ።»

«ያማል?»

ሊዋሻት ፈለገ። ግን ሁለተኛው ዓይኗም ተገለጠ።

«አንዳንዴ ያማል» አላት። «አንዳንዴ እረሳዋለሁ። ከትምህርት ቤት ልወስድሽ ስመጣ ግን ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ሁሉ ወላጅ መሃል ቶሎ ታገኚኛለሽ።»

ሚጡ አሰበችበት። «እሱስ እውነት ነው» አለች። ቀጥላም «ግን አንተ ትልቅ ነህ። እኔ እዚያ ብቻዬን ነኝ» አለች።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና እናትየዋ ገባች። ግድግዳውን አየች፣ ባሏን አየች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ልጄስ?»

«እዚህ ነኝ» አለ ግድግዳው። እናትየዋ ቦርሳዋን ጥላ ጮኸች። ልጇን ዳብሳ አገኘቻት፤ ነገሩን ሲነግሯት ደግሞ እቅፍ አድርጋት አለቀሰች። ሚጡ መታየት ካልፈለገች አርብ ቤት ትዋል አለች። ቀለሜ አይሆንም አለ። አብሬያት እሄዳለሁ አለ፤ ያለ ባልዲ።

አርብ ጠዋት ልጆቹ በግቢው ነጭ ግድግዳ ፊት ተሰለፉ። ሚጡ የአባቷን እጅ አልለቅ ብላለች፤ ለቅቆ ከሄደ እንደማትቆም ያውቃል። ስለዚህ ሰልፉን አልፎ ከነሥራ ልብሱ፣ ቀለም እንደተረጨበት፣ ልክ ከኋላዋ ሄዶ ተገተረ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ከካሜራው ላይ አነሣ።

«ጌታዬ፣ ወላጆች አይነሱም።»

«ወላጅ ሆኜ አይደለም የቆምኩት» አለ ቀለሜ። «እኔ ግድግዳዋ ነኝ።»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት። ሚጡም ቀና ብላ አየችው። ፎቶ አንሺው ስንት ዓመት ሙሉ ከልጆችና ከወላጆች ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ትከሻውን ሰበቀና ወደ ካሜራው ተመለሰ።

«እሺ» አለ፣ «ግድግዳው ትንሽ ጎንበስ ይበል፤ ልጅቷን እንዳይጋርዳት።»

ግድግዳው ጎንበስ አለ፤ ሚጡም ሳቀች፤ ፎቶውንም የተነሳችው እየሳቀች ነው።