ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ፊሊፒናዊት

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጉለሌ፣ እኛ ግቢ፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ተከራይታ ነበር። ልጆቹ "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሲከተሏት ዞር ብላ ትስቅላቸዋለች። ወደ ቀበሌው ሱቅ ሩዝ ሲመጣ በመዳፏ ዘግና ታሸተዋለች። ከሁሉ ግራ ያጋባን ግን አለባበሷ ነው። ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ነጠላ ሁልጊዜ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ትለብሳለች። ባለማወቅ ነው ብለን ተውናት።

አንድ እሑድ ለዝናብ ከተያዘው ምህላ አብራን ስትመለስ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌረዳ አላስቻላቸውም። አስቁመው ነጠላውን አስተካከሉላት።

"ልጄ፣ እንደዚያ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ" አለችና መልሳ ዘቀዘቀችው።

"ውይ! ማን ሞተብሽ?"

"አገሬ።"

በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችን። በሁለት ተራሮች መካከል ያለ የገበሬ አገር ነበር፤ ሩዝና ሽንኩርት ያበቅል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ቅድመ አያቶቿ ከወንዙ ድንጋይ ተሸክመው ሠሩት። ኋላ መንግሥት ግድብ ሠራ፤ ሰዉን ወደ ኮረብታ አወጣው፤ አገሩን ከነመቃብሩ ውሃ ዋጠው።

"ታዲያ ዳግመኛ ሳታዪው ቀረሽ?" አሏት እትዬ ጽጌረዳ።

"አይ፣ ይታያል" አለች ፊቷ በርቶ። "ዝናብ ሲጠፋ ውሃው ይጎድላል። ያኔ የቤተ ክርስቲያናችን መስቀል ብቅ ይላል።"

ወዲያው የእኛን ፊት አየችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በምህላው አጠገቤ ተንበርክካ፣ ከሁላችንም በላይ ስታለቅስ ነበር። ምን ብላ እንደለመነች እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።