ከቆመ መኪና ላይ

አጎቴ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። የምኖረውም እሱ ቤት ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ላስቲክ» ነው የሚሉት፤ ለምን በሉኝ! ከጋቢና መርገጫውን ረግጦ ወርዶ አያውቅማ! በሩን በርግዶ ዱብ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ከፍታ! እኔ ልቤ ጥፍት ይላል፣ እሱ እየሳቀ ያርፋል። በስንት ገደል፣ በስንት ጭጋግ ነድቶ አንዴ እንኳ መኪና አጋጭቶ አያውቅም። ኩራቱ እሷ ናት።

ባለፈው ታዲያ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ መኪናውን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ እንደ ልማዱ ዘለለ። ለካ መሬቱ ላይ ዘይት ፈሷል! ጉልበቱ እጥፍ ብሎ ቋ! ሲል ሁሉም ሰማ። ጓደኞቹ ተሯሩጠው ሲያነሱት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ! ላስቲክ ከቆመ መኪና ወደቀ ሊባልልኝ ነው?» ለስምሪት ኃላፊው ራሱ ደውሎ «ቤቴ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው» አለው።

እኛ ቤት እኮ ደረጃ የሚባል ነገር የለም!

በኋላ ሐኪሙ ጉልበቱ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ አይድንም አለ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የሚያሳክመው ሥራ ላይ የተጎዳን ብቻ ነው። ሚስቱ ጮኸች፤ «አንተ ሰውዬ፣ በናትህ ሂድና እውነቱን ተናገር!»

ደግፌው ሄድን። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«ዋሽቼ ነው» አለ አጎቴ፣ ወለል ወለሉን እያየ። «ከመኪናው ስወርድ ነው የወደቅኩት።»

«ጋሼ፣ እኔማ አምንዎታለሁ። ግን ቤቴ ነው ያሉት በራስዎ አፍ ነው፤ እኔም ለአለቆች ያንኑ ነግሬያለሁ። አሁን ብለውጠው ለሕክምናው ሲል ፈጠረው ይሉዎታል።»

«ያዩ ልጆች አሉ!»

አንዱ ተጠራ። «አይቻለሁ» አለ። «ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አልክ?» ሲባል አጎቴን አየት አደረገና አንገቱን ደፋ። ኃላፊውም «ይኸው፣ ይህን ማን ያምነናል?» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ስንወጣ ያቺው የአጎቴ ተሳቢ በር ላይ ደረሰች። አዲሱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ላስቲክ! ግባ፣ ቤት ላድርስህ!» አለው።

አጎቴ እጀታውን ያዘ። ደህናውን እግሩን መርገጫው ላይ ሊያወጣ ሲል የታመመው አልሸከምም አለው። እኔ ከኋላ ገፋሁ፣ ሾፌሩ ከላይ ጎተተ። እንዲያው ከንቱ ልፋት! ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ተወኝ በቃ» አለው አጎቴ፣ እጀታውን እየለቀቀ። «ጭነት ይዘሃል፣ ሂድ።»