የሰይድ ድምፅ ከሸዋ ሮቢት

ከካራቆሬ በማለዳ በሚኒባስ ተነሣን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ። ጉሮሮው ታሞ ማንቁርቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ የሚያወራን በእጁ ነው። የሴት ልጁ የዘሙ ኒካህ፣ የጋብቻ ቃል ማሰሪያው፣ ደግሞ ደርሷል። ሌላ ሰው ወክል ቢሉት ራሱን ነቀነቀ። «ልጄን ድሬልሃለሁ» የሚለው ቃል ከራሱ አፍ ካልወጣ ደስ አይለውም። ሸዋ ሮቢት አንድ መምህር መናገሪያ ይሠራል ቢሉን ወጣን። የውጭ አገሩ ላም ያሸጣል፤ የሱ ግን ከዶሮ ዋጋ ብዙም አያልፍም አሉ።

ጀውሃ ላይ ለቁርስ ቆምን። አስተናጋጇ ምን ልታዘዝ ስትለው ሰይድ የአንገቱን ፎጣ አጥብቆ ወደኔ ዞረ። ሻይና ሳምቡሳ አዘዝኩለት። ከዚያ ወዲያ ግራ ቀኙ ማሾና ማሽላ ነው፤ ነፋሱ ገና በጠዋቱ ይጋረፋል።

ሸዋ ሮቢት

መምህሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ነው። ማንጎ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ከአሮጌ ስልክ ባትሪ እያወጣ ይሠራል። መናገሪያው ጭብጥ የሚሞላ ነገር ነው፤ አንገት ላይ ሲደገፍ ይንዘረዘራል፣ አፍ ደግሞ ንዝረቱን ቃል ያደርገዋል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ፎጣዎን ይፍቱት» አለ።

ሰይድ አልፈታም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የሚተነፍስበትን የአንገቱን ቀዳዳ ለእኔም አሳይቶ አያውቅም። በፎጣው ላይ ቢደግፈው ዝዝ ብቻ ሆነ። ተነሥቶ ሊሄድ ጫማውን ፈለገ።

«ልጄ፣ ጉንጩ ላይስ?» አልኩ። «ዕድሜውን ሁሉ ጫት ያሳደረበት ነው፤ ቆዳው ለስልሷል።»

መምህሩ ሣቀ። ጉንጭም እንደሚሆን ያውቃል፤ ጫፉን ለአንገት ብሎ ሰፊ አድርጎት ነው እንጂ። ፈትቶ በጠባብ ለወጠው፣ ለስላሳ ጎማም አለበሰው። ሰይድ ወደ ጉንጩ አስጠጋ፤ ቅል ውስጥ የገባች ንብ የመሰለ ድምፅ ወጣ።

«እትዬ፣ ጫቴን ተይ።»

ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ።

መልስ

ጀውሃ ስንደርስ ራሱ «ሁለት ሻይ» አለ። አስተናጋጇ ክው ብላ አየችውና ሁለት ሻይ አመጣች።

ከዚህ መንገድ የያዝኩት ይህን ነው፤ ለሰው መናገሪያ የሚሠራ፣ ሰውየው የሚሸሽገውንም ነገር አይቶ ይሥራለት።

የኒካሁ ዕለት እኛ ሴቶቹ ከዘሙ ጋር ጓዳ ነበርን። ከወንዶቹ በኩል ያ የንብ ድምፅ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣው።

«የማን ድምፅ ነው?» አለች አንዷ።

ዘሙ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። «የአባቴ» አለች።