የሶደሬው ሰልፍ

በደርግ ጊዜ ሰልፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚሸጥ የሚጠይቀው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። አንድ እሁድ ባለቤቴንና ሦስቱን ልጆቻችንን ይዤ ከናዝሬት ሶደሬ ወረድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መዋኛውም በሰው ተሞልቶ ውሃው አይታይም። ጥላ ስፈልግ በአንድ ግንብ ጥግ ረጅም ሰልፍ አየሁና ተሰለፍኩ።

"ምን መጥቶ ነው?" አልኩት ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ።

"እኔ እንጃ፣ ስኳር ነው ይላሉ።"

ባለቤቴ ስኳር የሚለውን ስትሰማ ምሳ ዕቃውን ልጆቹ እጅ ላይ ገልብጣ ባዶውን አቀበለችኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምን። ሰልፉ ንቅንቅ አላለም። ቢቸግረኝ ወደ ፊት ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ የቆሙት ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው ባዶ ግንብ እንጂ መስኮትም በርም የለም።

"አባቴ፣ ምን እየጠበቁ ነው?" አልኳቸው።

ሽማግሌውን ላብ አጥምቋቸዋል።

"ልጄ፣ እኔ ለጥላው ብዬ ነው የቆምኩት" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰው ሁሉ ከኋላዬ ሲደረደር ልትይዙኝ የመጣችሁ መስሎኝ መንቀሳቀስ ፈራሁ። ጥላውም ከሄደ ቆየ። አሁን መሄድ ይፈቀድልኛል?"