ወተት የሌላት ዶሮ

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሚሴ እናቴ ቤት... እህቴ የእናቷን ጉርሻ አልቀበልም አለች።

ለማታውቁን፣ እኛ ቤተ እስራኤል ነን። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ከጎንደር መጥቶ እዚሁ ከሚሴ ቀረ። እህቴን አጎታችን ገና በልጅነቷ ይዟት እስራኤል ገባ። እማዬ የሷ ተራ እስኪደርስ ስትጠብቅ አረጀች። ይኸው ስንት ዓመት ቆይታ፣ አግብታ ወልዳ፣ ሃይማኖቷንም እዚያ ከራቢዎቹ ተምራ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣችልን።

እማዬ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበራትም። ቅቤውን ጨፋ ሮቢት ድረስ ራሷ ሄዳ መርጣ ገዛች። ዶሮዋን እኔ አረድኩ፣ አባቴ ባስተማረኝ ሥርዓት። በሙስሊምና በክርስቲያን ጎረቤት መሀል ቅዳሜዋን ሳታጓድል የኖረች ሴት ናት፤ ለልጇ ያገኘችውን ዝም ብላ አትሠራም።

እህቴ ወጡን አየት አደረገችና ቅቤ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። አለው አልናት።

«ይቅርታ እማ፣ እንግዲያው አልበላም። ሥጋና የወተት ነገር አንድ ላይ አይበላም።»

እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። «ኦሪቱ የከለከለው ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ነው፣ ለእናቲቱ አዝኖ። ዶሮ ምን ወተት አላት? የትኛዋ ዶሮ ናት ጫጩቷን ያጠባችው?»

እኔ ሳቅኩ... ብቻዬን።

እህቴ ማስረዳት ጀመረች። ሊቃውንቱ በሕጉ ዙሪያ አጥር አጥረዋል፤ ዛሬ ዶሮ በቅቤ የለመደ ነገ ጥጃ በወተት ይበላል፣ ስለዚህ ከሩቁ ይከለከላል። እነሱ ቤት የሥጋው ሰሃን ለብቻ፣ የወተቱም ለብቻ ነው። አነጋገሯ ክፉ አልነበረም። ቀዝቀዝ ያለ፣ ትምህርቱን በደንብ ያጠና ሰው አነጋገር ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

«እናትሽን አክብሪ የሚለውስ?» አለች እማዬ። «እሱን አላጠሩትም?»

ለዚህም መልስ ነበራት። ወላጅ ሕግ የሚያስጥስ ነገር ካዘዘ ሕጉ ይቀድማል አለች።

እማዬ ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። እህቴ ከሻንጣዋ የቆርቆሮ ዓሣ አወጣችና በፕላስቲክ ሹካ መብላት ጀመረች። እማዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እስክትጨርስ ታያታለች። እኔ ቆርቆሮውን ነጥቄ በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይሄኔ ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ «አካም ጅርቱ?» እያለች እንግዳዋን ልትጠይቅ ገባች። እማዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ድስቱን አነሳችና ለልጅ ልጆችሽ ውሰጂላቸው ብላ ዘረጋችላት።

እማማ ዘሀራ አልተቀበለችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ «አፉ በይኝ የሺ... አንቺ እኮ ታውቂያለሽ፣ የኛ ሰው ያላረደውን አንበላም» አለቻት።

እማዬ ይሄን አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። ያን ቀን ረሳችው።

ወጡን እኔ ብቻዬን በላሁ። እማዬ አልቀመሰችውም፣ ድስቱን ከድና ጓዳ አስገባችው። እህቴ ሰሃን ልታጥብላት ተነሳች፤ «ተዪው፣ እጅሽን ያረክስብሻል» አለቻት።

ኦሪቱ ለጠቦት እናት እንኳ ያዝናል... እህቴ ለራሷ እናት የሚታዘንበትን ገጽ ገና አልደረሰችበትም መሰለኝ።