ግማሽ መንገድ ላይ የቀረው አረር

ይሄን ወሬ ለእናንተ ሳልነግር ብቀር ሆዴ ይፈነዳል። ወሬው የዓለምነው ነው፤ ጥርባ የሚባል አገር ያለው ዓለምነው፣ ድንችና ገብስ የሚያርሰው። ስሙ ሲነሳ "ያ ጠመንጃ ታቅፎ የቀረው?" ብሎ የሚስቅ ሰው ሞልቷል። ለምን ታቅፎ እንደቀረ ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ልንገራችሁ።

ዓለምነው ከአባቱ የወረሰው ሁለት ነገር ነው፤ ከድከረንሱ ጫካ ስር ያለችውን መሬትና አንድ ቆመህ ጠብቀኝ። ቆመህ ጠብቀኝ የማታውቁ ካላችሁ በአፉ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ነው። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለህ፣ ድብልብል የእርሳስ አረር በጨርቅ ጠቅልለህ ታስከትላለህ፣ በብረት ዘንግ እስከ ታች ትገፋለህ፣ ከዚያ ትተኩሳለህ። ከሳትክ ግን እንደገና እስክታጎርሰው ድረስ አውሬው ቆሞ እንዲጠብቅህ መለመን ነው። ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው።

ከጠመንጃው ጋር ደግሞ ቦታ አብሮ ይወረሳል። እዚያ ሰፈር ድንቹ ማፍራት ሲጀምር ከርከሮ ከጫካው ይወርዳል። አንድ ሌሊት ከገባበት ማሳው በትራክተር የተገለበጠ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በሰኔ ሚካኤል፣ ሞፈር በማይነሳበት ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ግማሹ ቆርቆሮና ጀሪካን እየደበደበ ከላይ ያባርራል። ጦር የያዘው፣ ጦረኛ የሚሉት፣ ግራና ቀኝ ይቆማል። ጠመንጃ ያለው ቤት ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። በሩ የሚሉት በቀርከሃውና በገደሉ መሃል ያለችውን ጠባብ ማለፊያ ነው። ከርከሮ በሌላ በኩል መውጫ የለውም። የዓለምነው አባት በሩ ላይ ቆሞ ነው ያረጀው፤ ተኩሶ ሲስት ያየው ሰው የለም።

ልጁ ግን ሲስት ነው የኖረ። ገና አረሩን ሲከተው ቱቦው ውስጥ ኳ ኳ እያለ ይወርዳል፤ ሲተኮስ ደግሞ ወደፈለገበት ይሄዳል። አንዴ ቀርከሃ መታ፣ አንዴ ገደሉን መታ።

"ዓለምነው!" ይለዋል ፀጋው፣ ጎረቤቱ ነው፣ አፉ አያርፍም። "ዘንድሮስ ማንን ነው የምትመታ? ገደሉን ተወው እንግዲህ፣ የአምናው ቁስል አልዳነለትም እኮ!"

ሰው ይስቃል። ዓለምነውም አብሮ ይስቃል፣ ምን ያርግ። ግን በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምህረት አያ ትዕዛዙ አስጠሩት። አያ ትዕዛዙ የአደኑ አዛዥ ናቸው፤ ለዓለምነው ደግሞ የሚስቱ የዋጋዬ አባት፣ አማቱ ናቸው።

"ስማ ልጄ" አሉት፣ "ዘንድሮ አንዱን ካልጣልክ በሩን ለጦረኞች እሰጣለሁ። አንተ ከልጆቹ ጋር ላይ ሆነህ ቆርቆሮ ትመታለህ።"

"እሺ አያ።"

አፉ እሺ አለ እንጂ። የአባቱን ቦታ በቆርቆሮ ሊለውጥ!

ማታውን ሲያስብ ነገሩ የገባው መሰለው። አረሩ ያንሳል! አባቱ ከጠመንጃው ጋር የተወለት የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ ጠባብ ነው፤ ከቱቦው ጋር አይገጥምም። የማይገጥም አረር ደግሞ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ እንዴት አድርጎ ቀጥ ይበል? ልክ ነው እኮ፣ እስከዚህ ድረስ ያሰበው ልክ ነው።

ዳንግላ ወርዶ የመኪና ባትሪ ከሚጠግን ሰው እርሳስ አመጣ። ከቀፎው ሰም ቆረጠና አሙቆ አፈሙዙ ውስጥ ጠቀጠቀው። ሲደርቅ መዝዞ አወጣው፤ የአፈሙዙ ልክ እጁ ላይ ቁጭ አለ። በሰሙ ልክ የሸክላ ቅርጽ ሰርቶ አዲስ አረር አፈሰሰ። በስስ የሸሚዝ ጨርቅ ጠቅልሎ በአውራ ጣቱ አፈሙዙ ላይ ሲጫነው ልክክ አለ። ደስ አለው፣ ዋጋዬን ጠራት።

"እይው እስቲ! ኳኳታው የታለ?"

"እስከ ታች አስገባውና እየው እንጂ" አለችው።

"ከገባ በኋላ በምን ላወጣው ነው? በመተኮስ ነው እኮ የሚወጣ። ተኩሼ ሰፈሩን ለቅሶ በለቅሶ ላድርገው?"

ይሄ እውነቱን ነው። እዚያ አገር ያለ ነገር ጠመንጃ አይጮህም፤ ከጮኸ ሰው ሞቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ጠመንጃውን ሲወለውል ባርቆበት፣ ሽታዬ የሚሏት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ግቢው ገብታለች። "ማንን አጣን? ማንን አጣን?" ሰውየው በህይወት አለሁ ብሎ እስኪያሳምናት ግማሹ ሰፈር ደርሶ እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ይሞክራል? ዓለምነውም ሳይሞክር ሰኔ ሚካኤልን ጠበቀ።

ቀኑ ደረሰ። ደመናው ዝቅ ብሎ ጫካው ላይ ተኝቷል። ዓለምነው በሩ ላይ፣ አባቱ ይቆምበት በነበረው ድንጋይ ኋላ ቆመ። ባሩዱን አፈሰሰ። አረሩን ጠቀለለ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ገባ። ዘንጉን አነሳና ገፋ።

አንድ ክንድ ያህል ሄደ። ቆመ።

እንደገና ገፋ። ወይ ፍንክች! በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። በድንጋይ መታው። ዘንጉ ላይ አባቱ በሞረድ የሰራት ምልክት አለች፤ አረሩ ባሩዱ ላይ ሲቀመጥ ምልክቷ ከአፈሙዙ እኩል ትሆናለች። አሁን ክንድ ሙሉ ከላይ ቀርታለች። አረሩ ግማሽ መንገድ ላይ ተወትፎ፣ ባሩዱ ታች ሆኖ፣ መሃሉ ባዶ። እንዲህ ሆኖ ከተተኮሰ የሚፈነዳው ጠመንጃው ነው። ዓለምነው ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ ሲነግረው የኖረው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ዘንጉን መዝዞ አወጣ። ይሄኔ ከላይ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ውሻው ጮኸ፣ ሰውም በአማርኛም በአገውኛም እየተጯጯኸ መውረድ ጀመረ።

አያ ትዕዛዙ ጦራቸውን ይዘው መጥተው ከጎኑ ተንበረከኩ።

"ጎርሷል?"

"ጎርሷል፣ አያ።"

ውሸት ነው እንዳይባል ጎርሷል፤ አልዋጠም እንጂ!

አሁን የት ይግባ? በቀኙ ገደል፣ በግራው ቀርከሃ፣ አጠገቡ አማቱ፣ ፊት ለፊቱ ሰፈሩ ሙሉ እየመጣ። አልጎረሰም ቢል፣ ዓለምነው ከመሳት አልፎ ማጉረስም አቃተው ሊባል ነው። ቢተኩስ ዓይኑ ነው፣ እጁ ነው። ቀስ ብሎ ዞር እንዳይል አያ ትዕዛዙ ትከሻቸው ትከሻውን ነክቷል፤ ሲተነፍሱ ይሰማዋል። ከርከሮው እንዳይመጣ ሚካኤልን ለመነ። በሌላው ዓመት የሚለምነው እንዲመጣ ነበር።

መጣ። ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና አንድ ትልቅ ከርከሮ፣ ጥርሱ ማጭድ የሚያህል፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ብቅ አለ።

"ተኩስ" አሉ አያ ትዕዛዙ በሹክሹክታ።

ጠመንጃውን ጉንጩ ላይ አደረገ። ጣቱ ቃታው ላይ ነው።

"ተኩስ እንጂ!"

ጣቱ እምቢ አለ። ከርከሮው ጦር ለመወርወር እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ በአጠገባቸው እልፍ አለ፣ ጭቃውን ፊታቸው ላይ ረጨው። ከጎን ከጦረኞቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ።

"ኧረ አሳለፈው!" አለ ፀጋው። "እንደው በሰላም ግባ ብለኸው ነው?"

"ሌላ አለ! ሌላም እየመጣ ነው!" ብሎ ከላይ አንዱ ጮኸ።

አያ ትዕዛዙ ዓለምነውን አላዩትም። ጦራቸውን መሬት ላይ ጣሉና እጃቸውን ዘረጉ። "አምጣ።"

"አያ..."

"አምጣ አልኩህ! ልጄን ለፈሪ ነው የሰጠኋት?" ጠመንጃውን ከእጁ ነጠቁት። አጎንብሰው ጉንጫቸውን አስጠጉ። ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ።

ምን ልበላችሁ፣ ዝም ቢል የፈሪነቱ ስም ትንሽ ይቀል ነበር፤ ጠመንጃው ከፈነዳ አርጅቶ ነው ይባላል። እሱ ግን አፈሙዙን በእጁ ይዞ ወደ ሰማይ አዞረው።

"አይተኩሱ! አረሩ መሃል ላይ ቀርቷል! ፊትዎን ነው የሚበላው!"

ሁለተኛው ከርከሮ በመሃላቸው አለፈ ማለት ይቻላል። ማንም አላየውም። ሰው ሁሉ የሚያየው ዓለምነውን ነው።

"ማን ነው መሃል ላይ ያስቀረው?" አሉ አያ ትዕዛዙ።

"እኔ ነኝ። አረሩን አተለቅኩት። በልኩ የሰራሁ መስሎኝ።"

"እና 'ጎርሷል' አልከኝ?"

"አልኩዎት።"

"ዋጋዬን ያለ አባት ልታስቀርልኝ ነበር?"

"ለዚያ ነው የነገርኩዎት፣ አያ።"

"ቆይተህ ነገርከኝ!" አሉና ውሃ አስመጡ። ባሩዱ እንዲሞት እሳት በሚገባባት ቀዳዳ አፈሰሱበት። ከዚያ ቁጭ ብለው አፈሙዙን በጣታቸው ዳበሱት። "ና ንካው" አሉት። "አባትህ ዕድሜ ልኩን በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ አፉን አስፍቶታል። ውስጡ ጠባብ ነው። አንተ የአፉን ልክ ወስደህ ለሆዱ ሰጠኸው።"

"የአባቴ አረር ግን ያንሳል፣ ኳ ኳ ይላል!"

"በምን ጠቅልለኸው ነው?"

"በሸሚዝ ጨርቅ።"

"አባትህ በጋቢ ቁራጭ ነበር፤ ሞራ ቀብቶ። ጋቢው ወፍራም ነው፤ አፉ ላይ ይነፋል፣ ውስጥ ሲገባ ይጨመቃል። አረሩ እኮ ልኩ ነበር፤ ያነሰው ጨርቁ ነው። ምነው ብትጠይቀኝ?"

እንዴት ይጠይቅ? የአባቱን ቦታ የያዘ ሰው አባቱ የሚያውቀውን አላውቅም ብሎ ይጠይቃል?

አረሩ ዛሬም እዚያው ነው። ዘንግ አልገፋው፣ ሽቦ አልመዘዘው። በሩን ጦረኞች ወሰዱት። በሚቀጥለው ሰኔ ሚካኤል ዓለምነው ከጫካው አናት ላይ ሆኖ ቆርቆሮ መታ፤ ከዚያ ቦታ ደግሞ በሩ አይታይም፣ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚሰማ። በዚያ ዓመት ከአባራሪዎቹ የተመደበው ፀጋው ከአጠገቡ ጀሪካን እየደበደበ ጠጋ አለው።

"አሁን እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ቀን ፈርተህ ነበር አይደል?"

"እንዴታ!" አለ ዓለምነው። "አንተም ብትሆን እኮ ሱሪህን ነበር የምታረጥብ።"

ፀጋው በራሱ ሳቀ፣ ያውም ፀጋው! ጀሪካኑንም መምታት ቀጠለ።

እኔ ይሄን ወሬ ባሰብኩ ቁጥር ትንፋሼ ያጥረኛል። እናንተስ ሰው ሁሉ እያያችሁ፣ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ያቃታችሁ ቀን ነበር? እንዴት ወጣችሁ?